‘በልቸ’ም አማርኛ ነው

የአማርኛ ሰዋስው ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ ሲወጣ ዋናው ምስክር የዛሬው ወሎ ሰው ነበር። አባ ጎርጎርዮስ ይባላሉ፤ የመካነ ሥላሴ ሰው ናቸው። መካነ ሥላሴ በጥንቱ ቤተ አምሓራ፣ በዛሬው ደቡብ ወሎ ምድር የነበረ ደብር ነው። አጼ ናዖድ አስጀምረውት፣ ልጃቸው አጼ ልብነ ድንግል ጨርሰውት፣ በ1531 እ.ኤ.አ. በግራኝ አሕመድ ጦር ተቃጠለ። አባ ጎርጎርዮስ ከመቶ ዓመት በኋላ ሮም ውስጥ ከጀርመናዊው ሊቅ ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተዋወቁ፤ በ1652 ደግሞ ጀርመን አገር ጎታ ከተማ ድረስ ተጋብዘው ሄዱ። ሉዶልፍ ጠየቀ፣ እሳቸው መለሱ፤ እሱ ጻፈ። ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲጓዙ በ1658 መርከባቸው ሰጥማ ሞቱ። የነገሩት ግን አልሰጠመም። በ1698 ፍራንክፈርት ላይ የአማርኛ ሰዋስውና የአማርኛ–ላቲን መዝገበ ቃላት ታተመ።

ይህን የማነሣው ለጉራ ብየ አይደለም። አማርኛ ሳስተምር በኖርሁበት ዘመን ሁሉ አንድ ነገር ሲያቃጥለኝ ስለኖረ ነው። የወሎ ልጅ በእናቱ አማርኛ ሲናገር ‘ተሳሳትህ’ ይባላል። አማርኛው ቀድሞ መጽሐፍ የሆነለት አገር ልጅ በአማርኛው ሲያፍር ማየት ያማል።

የተወለድሁት ውጫሌ ነው። አንባቢ የከተማየን ስም ሲሰማ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እና አንቀጽ 17 ወዲያው ትዝ እንደሚሉት አውቃለሁ። አጼ ምኒልክና የጣሊያኑ አንቶኔሊ የተዋዋሉት ውል የአማርኛውና የጣሊያንኛው ቅጅ አልገጥም ብሎ መጨረሻው ዐድዋ ላይ ተለየ። ያ በሁለት ቋንቋዎች መካከል የተነሣ ጠብ ነው፤ ብዙ ሰው ጽፎበታል። የእኔ ጉዳይ በአንድ ቋንቋ ውስጥ ስላለው ልዩነት ነው፤ እሱ ላይ የተጻፈው ጥቂት ነው።

ነገሩን በሌላ ዓይን እንዳየው ያደረገኝ ኩባ ነው። የሶማሊያ ወረራ ከተመከተ በኋላ፣ ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያን ልጆች ወደ ኩባ ለትምህርት ተልከዋል፤ ብዙዎቹ አባቶቻቸውን በጦርነት ያጡ ነበሩ። እኔም አንዱ ነኝ። ያረፍነው የወጣቶች ደሴት በሚባለው ቦታ ነው። ዋና ከተማው ኑዌባ ሄሮና ይባላል። ከአንጎላ፣ ከሞዛምቢክ፣ ከናሚቢያ የመጡ ልጆች በየራሳቸው ትምህርት ቤት ነበሩ። ግማሹን ቀን እንማራለን፣ ግማሹን ቀን የሎሚና የብርቱካን ዘመዶች በተተከሉበት ማሳ እንሠራለን። በብዛት የምንለቅመው ትልቅና መረር የሚል ፍሬ ነበር፤ ኩባዎች ቶሮንሃ ይሉታል። ከዓመታት በኋላ ከአንድ የስፔን ሰው ጋር ስነጋገር ቶሮንሃ ስል ፈገግ አለና ‘እኛ ፖሜሎ ነው የምንለው’ አለኝ። አርጀንቲናዎችም ፖሜሎ ይላሉ፤ ሜክሲኮዎች ከኩባ ጋር ናቸው። አውቶቡስን ኩባዎች ጓጓ ይሉታል፤ ሜክሲኮ ውስጥ ካሚዮን ነው፤ ቦነስ አይረስ ውስጥ ኮሌክቲቮ።

ከቃላቱ በላይ የገረመኝ ድምፁ ነው። ስፓኒሽ ያስተማረችን ኩባዊት መምህር ‘ጓደኞቹ’ ለማለት ሰሌዳው ላይ ‘ሎስ አሚጎስ’ ብላ አሟልታ ትጽፋለች። ስታነበው ግን የመጨረሻዎቹን ‘ስ’ዎች ትውጣቸዋለች፤ ‘ሎ አሚጎ’ ሆኖ ይወጣል። እኛ ደብተራችን ላይ የሰማነውን ስንጽፍ ታርመናለች፤ የተናገርነውን ግን አላረመችም። ራሷም አላፈረችም። የጽሑፉ ሕግ የጽሑፍ ነው፤ አፉ ደግሞ የሐቫና አፍ ነው፤ ሁለቱን አታምታታም። በልጅነቴ ያየሁት ይኸ ነገር ምክንያቱ የገባኝ አድጌ የቋንቋ ታሪክ ሳነብ ነው።

ስፓኒሽ ወደ አሜሪካ የተሻገረው በሴቪያ በኩል ነው። ከ1503 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአዲሱን ዓለም ንግድና ጉዞ የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት እዚያ ነበር፤ ከመጀመሪያዎቹ ተጓዦችም ብዙዎቹ የደቡብ ስፔን፣ የአንዳሉሲያ ሰዎች ነበሩ። መርከቦቹ በካናሪ ደሴቶች በኩል ያልፋሉ። ስለዚህ ኩባ የወረሰችው የማድሪድን ሳይሆን የሴቪያንና የካናሪን አፍ ነው፤ ጓጓም ካናሪ ላይ አለ። በሰሜንና በመካከለኛው ስፔን ‘ቤት’ እና ‘አደን’ የሚሉት ሁለት ቃላት በድምፅ ይለያያሉ፤ አንደኛው በ‘ስ’፣ ሁለተኛው ምላስን በጥርስ መካከል አድርጎ በሚወጣ ድምፅ ነው። በሴቪያና በአሜሪካ ሁሉ ግን ሁለቱም ‘ካሳ’ ናቸው። በአሜሪካ ውስጥም ልዩነት አለ። መርከብ የሚመላለስባቸው የባሕር ዳር ከተሞች፣ ሐቫና፣ ካርታሔና፣ ፓናማ፣ የሴቪያን አዲስ አነጋገር እየተቀበሉ ‘ስ’ን ዋጡ። የስፔን እንደራሴዎች የተቀመጡበት የሜክሲኮ ደጋና የቦጎታ ደጋ ግን ‘ስ’ን ጥርት አድርገው ጠበቁ። ደገኛውና ቆለኛው በአንድ ቋንቋ ውስጥ ሁለት መንገድ ሄዱ ማለት ነው። አምባሰልን ለሚያውቅ ሰው ይህ አይከብደውም፤ ወረዳችን ራሱ ከግሸን ደጋ እስከ ወረባቦ ድንበር ቆላ የተዘረጋ ነው፤ የገበያ ቀን ውጫሌ ላይ የቆመ ሰው ተናጋሪው ከየት እንደወረደ ወይም ከየት እንደወጣ በሁለት ቃል ይለየዋል።

እንግሊዝኛ ሌላ ጠባይ አለው። ስፓኒሽ አምስት አናባቢ አለው፤ አምስቱም ከማድሪድ እስከ ቺሊ ይብዛም ይነስም አንድ ናቸው። ልዩነቱ የሚሰማው በተነባቢው ነው። ‘ስ’ ይዋጣል፤ የአርጀንቲና ሰው ‘እኔ’ ሲል ‘ሾ’ ይላል፤ ሌላው ‘ዮ’ ይላል። እንግሊዝኛ ግን የሚለያየው በአብዛኛው በአናባቢው ነው። የስኮትላንዱ፣ የለንደኑ፣ የቴክሳሱና የአውስትራሊያው ሰው አንድ ዓይነት ፊደል ጽፈው አራት ዓይነት አናባቢ ያወጣሉ። በተነባቢ በኩል ዋናው ‘ር’ ነው። በ1607 ወደ ቨርጂኒያ የተሻገሩት እንግሊዞች ‘ር’ን ይሉት ነበር፤ ከዚያ በኋላ የለንደን ሰው ከቃል መጨረሻ ጣለው፣ አብዛኛው አሜሪካዊ ግን እንደያዘው ቀረ። ‘እናት አገሩ ጠበቀ፣ የሄደው አበላሸ’ የሚለው ግምት በዚህ ላይ አይሠራም። ያደሰው ማዕከሉ ነው፤ አሮጌውን ያቆየው የሄደው ነው።

አማርኛችን ደግሞ ሁለቱንም ዓይነት ልዩነት ይዟል። አዲስ አበቤ ‘አንቺ’፣ ‘እሺ’፣ ‘ብዬ’፣ ‘በልቼ’፣ ‘ሄጄ’ ይላል። ወሎ፣ ጎጃምና ጎንደር ‘አንች’፣ ‘እሽ’፣ ‘ብየ’፣ ‘በልቸ’፣ ‘ሂጀ’ ይላሉ። ልብ ላለው ሰው እነዚህ ተራ በተራ የሚያዙ አምስት ስሕተቶች አይደሉም፤ አንድ ሕግ ናቸው። ቸ፣ ጨ፣ ሸ፣ ጀ፣ ኘ፣ የ የሚባሉት ድምፆች ምላስን ወደ ላንቃ የሚያስጠጉ ናቸው፤ ከእነሱ በኋላ የሚመጣውን አናባቢ አዲስ አበባ ወደ ፊት ገፋው፣ ሰሜኑ ባለበት ተወው። አንባቢ እንዳየው እኔም ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በአፌ ሥርዓት ነው። በተነባቢ በኩል ደግሞ ‘እንዴት አደርህ’ የሚልና ‘እንዴት አደርክ’ የሚል አለ፤ ‘ነበርሁ’ እና ‘ነበርኩ’ አለ። አያቴ ‘ከየት መጣህ’ ለማለት ‘ተየት መጣህ’ ነበር የምትለኝ። ‘ጎጃም’ እና ‘ጎዣም’ም አንድ አገር ነው። ‘ፀሐይ’ን ‘ጠሐይ’፣ ‘ጾም’ን ‘ጦም’፣ ‘ጸሎት’ን ‘ጠሎት’ የሚለው አነጋገር በሸዋ ገጠር ጎልቶ ይሰማል፤ የእኛ መንደር አሮጊቶችም ‘ጦም ገባ’ ነው የሚሉት። ይህ የሴቪያ ሰው ሁለት ድምፅ አንድ ካደረገበት መንገድ ምንም አይለይም። የሴቪያን አነጋገር ዛሬ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ ይናገረዋል፤ ‘ጠሎት’ ያለችውን የእኛን አሮጊት ግን እንስቅባታለን።

ለመሆኑ እነዚህ ልዩነቶች እንዴት መጡ? ስፓኒሽ የጀመረው በሰሜን፣ በቡርጎስ አካባቢ በካስቲያ ነው፤ ከዚያ መንግሥቱን ተከትሎ ወደ ቶሌዶ፣ ወደ ሴቪያ፣ ወደ ማድሪድ ወረደ። አማርኛም መንግሥትን ተከትሎ ሄዷል። አምሓራ የሚለው ስም ራሱ በመካከለኛው ዘመን የአንድ አገር ስም ነበር፤ አብዛኛው ዛሬ ደቡብ ወሎ በምንለው ውስጥ ይገኛል። ነገሥታቱ በድንኳን ይዞሩ ነበር፤ ካህኑም ወታደሩም አብሮ ይዞራል፤ ቋንቋውም አብሮ ይዞራል። ስለ አጼ ዓምደ ጽዮንና ስለ ተከታዮቻቸው የተገጠሙት ጥንታዊ የአማርኛ ውዳሴዎች የዚያ ዘመን ቅርሶች ናቸው። ከውጫሌ ወደ ደሴ ሲሄዱ የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት በአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን የአገሩ ትልቅ ትምህርት ቤት ነበር። የሚጻፈው በግዕዝ ነው፤ ከየአውራጃው የመጡት ተማሪዎች ከመጽሐፉ ውጭ የሚነጋገሩበት ግን ሌላ መሆኑ አይቀርም። የነገሥታቱ ልጆች ይጠበቁበት የነበረው ግሸን አምባም እዚሁ አምባሰል ውስጥ ነው።

16ኛው መቶ ዓመት ይህን ሁሉ ገለበጠው። የግራኝ ጦርነት፣ ቀጥሎም የኦሮሞ መስፋፋት፣ ቤተ መንግሥቱን ከቤተ አምሓራ አስለቅቆ ወደ ጣና አካባቢ ገፋው፤ በ1636 እ.ኤ.አ. ጎንደር መዲና ሆነች። በ1886 እ.ኤ.አ. ደግሞ አዲስ አበባ ተቆረቆረች። በዚህ መካከል ወሎ የአማርኛ ማዕከል መሆኑ ቀርቶ ከማዕከሉ የራቀ አገር ሆነ። መነሻው ዳር ሆነ ማለት ነው። ቡርጎስም እንዲሁ ሆናለች፤ የካስቲያ መነሻ ናት፣ መንግሥቱ ግን ማድሪድ ነው። ልዩነቱ የቡርጎስን ልጅ ‘ስፓኒሽህ ተበላሸ’ የሚለው አለመኖሩ ነው።

ወሎ ዳር ሆነ እንጅ ባዶ አልሆነም። የመጣውን ሁሉ ተቀበለ። ወረ ኢሉ፣ ወረ ባቦ፣ ወረ ሂመኖ፣ ለጋምቦ፣ ለገ ሂዳ የሚሉት የቦታ ስሞች ኦሮምኛ ናቸው፤ ሕዝቡ ተጋብቶ ተዋልዶ አማርኛ ሲናገር ስሞቹን አልጣለም። እስልምናም ሰፋ፤ ከእሱ ጋር ዓረብኛ መጣ። የወሎ ሸሆች ሃይማኖታቸውን ለሕዝቡ ያስተማሩት በሕዝቡ አፍ ነው። ሸህ ጦልሃ ጃዕፈር በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ በአማርኛ መንዙማ እየገጠሙ በዓረብኛ ፊደል የጻፉ ሊቅ ናቸው፤ እንዲህ ያለው አጻጻፍ አጀሚ ይባላል። እኔ ይህን እንደ ትልቅ ሀብት አየዋለሁ። አማርኛ በግዕዝ ፊደል ብቻ የተጻፈ የሚመስለው ሰው ስለ ወሎ አልሰማም። የሥነ ጽሑፍ ታሪካችንን የሚያስተምሩ መጻሕፍት ለአጀሚ የሚሰጡት ቦታ በጣም ያንሳል፤ ይህ መታረም አለበት።

ይኸ ዓረብኛ ወደ ወጥ ቤቱም ገባ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ የምንላቸው የቡና ተራዎች መሠረታቸው ዓረብኛ ነው። ‘አብሽር’ ዛሬ አዲስ አበባም ይለዋል። ‘ሐጃ አለኝ’ የሚለው የውጫሌ ሰው ጉዳይ አለኝ ማለቱ ነው። ‘ኢንሻአላህ’ን ማተብ ያሰሩ ጎረቤቶቻችንም ይሉታል፤ ማንም አይደነቅም። ኩባ ሳለሁ ይህን ቃል በሌላ ልብስ አገኘሁት። ኩባዎች አንድ ነገር እንዲሆን ሲመኙ ‘ኦሃላ’ ይላሉ። ሙስሊሞች የስፔንን ምድር በከፊልም ቢሆን ወደ 800 ዓመት ሲገዙ እዚያ ይነገር ከነበረው የዓረብኛ ‘አላህ ቢሻ’ የመጣ ነው። ካቶሊኩ ስፔናዊ ተሸክሞት ባሕር ተሻገረ፤ መስጊድ አይተው የማያውቁ ኩባዎች ይሉታል። ትራስን ደግሞ ‘አልሞአዳ’ ይላሉ፤ ይኸም የዓረቦች ነው፣ የእኛ ‘መከዳ’ ዘመድ። ማድሪድ ያሉ የቋንቋ ሊቃውንት እነዚህን ቃላት ‘ባዕድ ናቸው’ ብለው አላወጧቸውም፤ የቋንቋው ክብር አድርገው ቆጠሯቸው። የወሎ ዓረብኛና ኦሮምኛ ቅልቅልም ለአማርኛ እንደዚያው ክብር ነው።

ስለ አክብሮት ቃላት ካላነሣሁ ግን ነገሩ ጎደሎ ይሆናል፤ ኩባ ውስጥ መጀመሪያ የከበደኝም እሱ ነው። ቤታችን ትልቅ ሰው ‘አንቱ’ ይባላል። ሸሁም፣ ቄሱም፣ ከገበያ መንገድ ላይ ያገኘኸው የማታውቀው ሽማግሌም ‘አንቱ’ ነው። ኩባ ስደርስ መምህሩንም፣ ዶክተሩንም፣ የትምህርት ቤቱን ኃላፊም ‘ቱ’፣ ማለት ‘አንተ’፣ በሉ ተባልን። ለእኛ አፍ ይህ ስድብ ነበር። ‘ኡስቴድ’ የሚል የአክብሮት ቃል ቢኖራቸውም እምብዛም አይጠቀሙበትም። በኋላ የተረዳሁት ይህ የኩባ ነገር መሆኑን ነው፤ ኮሎምቢያ ውስጥ ባልና ሚስት እንኳ ‘ኡስቴድ’ የሚባባሉበት አካባቢ አለ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ‘ቦስ’ የሚለው ቃል ድሮ ስፔን ውስጥ የመኳንንት ነበር። በ16ኛው መቶ ዓመት ሁሉም ሰው ሲጠቀምበት ረከሰ፤ በቦታው ‘ጸጋዎ’ እንደማለት ያለ ረጅም መጠሪያ መጣ፣ እሱም አጥሮ ‘ኡስቴድ’ ሆነ። እንደራሴ የተቀመጠባቸው ሜክሲኮና ሊማ የማድሪድን ፋሽን ተከትለው ‘ቦስ’ን ጣሉ። የራቁት አርጀንቲናና መካከለኛው አሜሪካ ግን አቆዩት፤ ዛሬ ቦነስ አይረስ ውስጥ ጓደኛ ለጓደኛው የሚለው እሱን ነው። እንግሊዝኛ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነገር አደረገ፤ ለአንድ ሰው የሚባለውን ‘አንተ’ ጥሎ የብዙውንና የአክብሮቱን ለሁሉም ሰጠ። በሰሜን እንግሊዝ እንደ ዮርክሸር ባሉ አካባቢዎች ግን አሮጌው ‘አንተ’ እስከ ቅርብ ጊዜ ቆይቷል።

የእኛም ነገር ተመሳሳይ ነው። ሸዋና አዲስ አበባ ‘እርስዎ’ን መረጡ፤ ወሎ፣ ጎንደርና ጎጃም ‘አንቱ’ን ያዙ። አዲስ አበባ ያደገ ልጅ ወሎ መጥቶ ‘አንቱ’ ሲሰማ ከአክብሮት ያነሰ ሊመስለው ይችላል። ግን አዲስ አበቤው ራሱ ታዋቂ ሰውን ‘አንቱ የተባለ’ ይላል፤ ‘አንቱታን አተረፈ’ ይላል። የአክብሮቱ ዋና ቃል የትኛው እንደነበረ በዚያ ይታወቃል። ራቅ ያለው አገር የያዘው የጥንቱን ነው።

የዕቃና የእህል ስምም ይለያያል፤ እዚህ ላይ አንድ ብቻ ልጥቀስ። በቆሎ ከአሜሪካ የመጣ እህል ነው፤ ስፔኖች ናቸው ባሕር ያሻገሩት። ያገራችን ሽማግሌዎች ‘የባሕር ማሽላ’ ይሉታል፤ ማሽላ የሚበላ ሕዝብ ከባሕር ማዶ ለመጣ ማሽላ መሰል እህል ያወጣው ስም ነው፤ እንደ ባሕር ዛፍ። ሜክሲኮ ውስጥ እሸቱ ኤሎቴ ይባላል፤ ፔሩ ውስጥ ቾክሎ። እንግሊዞች ‘ኮርን’ ሲሉ በእንግሊዝ ስንዴ ነው፤ በስኮትላንድ አጃ፤ አሜሪካ ሲደርስ በቆሎ ሆነ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አንድ ቋንቋ ብዙ ዘዬ ሲኖረው ማን ይዳኛል? እንግሊዝኛ ዳኛ የለውም። በ1712 እ.ኤ.አ. ጸሐፊው ጆናታን ስዊፍት የቋንቋ አካዳሚ ይቋቋም ብሎ ቢያሳስብም አልሆነም። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ለንደን ላይ መዝገበ ቃላት ሠራ፤ ኖኅ ዌብስተር በ1828 ለአሜሪካ ሌላ ሠራ፤ ሁለቱ አገሮች እስከዛሬ የቃላት አጻጻፋቸው ይለያያል። ስፓኒሽ ዳኛ አለው። የማድሪዱ አካዳሚ በ1713 ተቋቋመ፤ መጀመሪያ ላይ ዳኝነቱ የማድሪድ ብቻ ነበር። በ1951 ግን የየአገሩ አካዳሚዎች ሜክሲኮ ላይ ተሰብስበው ማኅበር መሠረቱ፤ ዛሬ ከ20 በላይ ናቸው። በ2010 እ.ኤ.አ. የአጻጻፍ ሕጉን በጋራ አወጡ፤ በዚያው ዓመት የአሜሪካ አህጉር መለያ የሆኑ የስፓኒሽ ቃላት ራሱን የቻለ ትልቅ መዝገበ ቃላት ታተመላቸው። የኩባ ጓጓ እዚያ ውስጥ አለ፤ ‘ስሕተት’ ተብሎ ሳይሆን ‘ኩባ’ ተብሎ። አጻጻፉ አንድ ነው፣ አፉ ብዙ ነው፣ ሁለቱም ሕጋዊ ናቸው።

እኛስ? በ1914 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት አዲስ አበባ ላይ ተቋቋመ፤ ጋዜጣው፣ ሬዲዮኑ፣ የመማሪያ መጽሐፉ ሁሉ ከዚያው ከተማ ወጣ። የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አማርኛን የመንግሥት ቋንቋ አደረገ። ማንም ሰው ተቀምጦ ‘የአዲስ አበባው ይሁን’ ብሎ ሳይወስን የአዲስ አበባው ሆነ። በ1965 ዓ.ም. ገደማ ሀብተ ማርያም ማርቆስ የአዲስ አበባን፣ የጎጃምን፣ የጎንደርን፣ የመንዝንና የወሎን አማርኛ ልዩነት አጥንተው አሳትመዋል፤ ከአምሳሉ አክሊሉ ጋር ሆነውም ለወሎ ዘዬ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ሰጥተውታል። መንገዱን ጠርገው ነበር። ወደ ክፍል ግን አልገባም። አማርኛን ከሐዲስ ዓለማየሁ በላይ የሚያከብር የለም፤ ልብ ወለዳቸው ‘ፍቅር እስከ መቃብር’ በ1958 ዓ.ም. ሲወጣ ግን ገጸ ባሕርያቱ የሚናገሩት የጎጃም አማርኛ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲያነበው የአዲስ አበባ ሰው ጆሮውን ሰጥቶ ሰማው፤ ‘ተሳሳተ’ ያለ የለም።

የወሎ ልጅ ግን ክፍል ውስጥ ‘ተሳሳተ’ ይባላል። አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የበዓል ዕረፍቱን ሲጽፍ ‘ገበያ ሂጀ ፍየል ሸጨ ለእናቴ ሻሽ ገዝቸ መጣሁ’ ብሎ ነበር። ወረቀቱ እኔ እጅ የደረሰው ሌላ ሰው ካረመው በኋላ ነው። ‘ሂጀ’፣ ‘ሸጨ’፣ ‘ገዝቸ’ በቀይ ተሰምሮባቸው ሦስት ነጥብ ተቀንሷል። ልጁ አንድ ሕግ ነው ያወቀው፤ ሦስቱንም ጊዜ ሳይዛነፍ ሠርቶበታል። ከዚያ በኋላ ያ ልጅ እጁን እያወጣ መናገር ቀነሰ። በቴሌቪዥን ድራማም ነገሩ አልተሻለም፤ ‘ገጠሬ’ ሲፈለግ የጎጃሙ፣ የመንዙና የወሎው ተጣብቆ ማንም አገር ላይ የማይነገር አማርኛ ይወጣል፤ ሰው ይስቅበታል።

እኔ አንድ የጽሑፍ አማርኛ አይኑር አልልም። ለሕግ፣ ለሳይንስ፣ ለአገር አቀፍ ፈተና የጋራ አጻጻፍ ያስፈልጋል፤ ኩባዊቷ መምህሬም ሰሌዳዋ ላይ ‘ስ’ን አልጣለችም። የምለው ‘በልቸ’ እና ‘በልቼ’ ሁለቱም ትክክል ናቸው ተብሎ በመማሪያ መጽሐፍ ላይ ይጻፍ ነው። መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጁ ተቋማት ‘ወሎ’፣ ‘መንዝ’፣ ‘ጎጃም’ እያሉ የየአገሩን ቃል በስሙ ያስገቡ። በ1993 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል የወጣው የአማርኛ መዝገበ ቃላት ትልቅ ሥራ ነው፤ የሚቀጥለው ደግሞ የየዘዬውን ቃል ከነአገሩ ቢይዝ ሥራው ይሞላል።

ለአማርኛ መምህራን፣ በተለይ ወሎ ውስጥ ላላችሁት፣ አንድ ልመና አለኝ። ቀዩን እስክሪብቶ ከማንሣታችሁ በፊት ተማሪው የጻፈው ስሕተት ነው ወይስ የአገሩ ሥርዓት ብላችሁ ጠይቁ። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም እንዲሁ። አያቶቻችሁ በሕይወት ሳሉ ስልካችሁን አውጡና ቅዱ፤ የቡናውን ምርቃት፣ የገበያውን ክርክር፣ የመንዙማውን ግጥም፣ የለቅሶውን ሙሾ ቅዱ። የተናጋሪውን መንደር፣ ዕድሜና ቀኑን ጻፉበት። አባ ጎርጎርዮስ ለሉዶልፍ ባይናገሩ ኖሮ የ17ኛው መቶ ዓመት የቤተ አምሓራ አማርኛ ከእኛ ጋር ባልቆየም ነበር።